ድሬ ላይ ያለ ፋብሪካ ከችግኝ ተከላ ውጪ ለተፈጥሮ ምን ሊሰራ ይችላል?

ከዚራ_ጥላ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ድሬ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ የሴፍቲና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ነኝ፣ ስራውን ከያዝኩ ዓመት ከስድስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ስራ አስኪያጃችን ጠርቶኝ የሚቀጥለው ዓመት እቅድ ውስጥ ስለ ተፈጥሮና ብዝሀ ሕይወት የሆነ ነገር አስገቢ፣ በጀት እፈቅዳለሁ፣ ግን እውነተኛ ነገር ይሁን አለኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቢሮ ገብቼ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ከችግኝ ሌላ ምንም ሊመጣልኝ አልቻለም።

ችግኙ ደግሞ ውስጤ ቀርቷል። አምና ሐምሌ ሰራተኛው በሁለት አውቶብስ ሞልቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት ላይ 600 ችግኝ ተከልን፣ ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ኅዳር ላይ እንዴት ሆነው ይሆን ብዬ እሁድ ቀን ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድኩና አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 41 ነው የቀረው። አንዱን የደረቀ ነቅዬ ሳየው ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ አልወለቀለትም፣ ከነላስቲኩ ነው የተቀበረው፣ ስሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጠማዘዝ ሲጠማዘዝ መውጫ አጥቶ ነው የደረቀው። እዛው ቆሜ እምባዬ መጣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተከልኩት ሊሆን ይችላል።

እና ጥያቄዬ፣ ፋብሪካ ማለት እኛ ጋ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ላስቲክ፣ ካርቶን፣ ውሃና መብራት ነው። ከዚህ ውስጥ ተፈጥሮ የቱ ጋ ነው የሚገባው? ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ብዙው የአውሮፓ ነው፣ ጣሪያ ላይ ንብ አርቡ፣ አበባ ዝሩ ይላል፣ የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። የአገራችንን የምታውቁ ንገሩኝ፣ ከሐረርም ያላችሁ።

ካባ_27፦

ልጄ፣ ሄደሽ መቁጠርሽ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ በ27 ዓመት የስራ ዘመኔ ተክሎ ተመልሶ የቆጠረ ሰው አላየሁም።

እኔ የኖራ ድንጋይ ካባ ላይ ነው የሰራሁት፣ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር። ሲሚንቶ እንደምታውቂው ተራራ ነው የሚበላው፣ 1 ቶን ክሊንከር፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን፣ ለማውጣት ወደ 1.5 ቶን ድንጋይ ይሄዳል። ድንጋዩ ጋ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ ከላይ ያለው አፈር መነሳት አለበት። እኛ ዘንድ የዛ አፈር ስሙ ራሱ ቆሻሻ ነበር። ዶዘር ይገፋዋል፣ ገደል ይገባል፣ አለቀ። እንዲህ እያደረግን ስንት ዓመት ሰራን። በኋላ አንድ የካባ ኃላፊ መጣና አፈሩን ለብቻው ከምሩ፣ ከሰው ቁመት በላይ አትቆልሉት፣ ድንጋዩ ያለቀበት ቦታ ላይ ቶሎ መልሱት አለ። ሰው አጉረመረመ፣ ናፍጣ ማባከን ነው ተባለ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ፣ የኳስ ሜዳ ግማሽ የምታህል ቦታ ላይ፣ መለስነው። ምንም አልዘራንበትም። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስንሄድ ሳሩ ጉልበት ደርሷል፣ እሬቱ ወጥቷል፣ የግራር ቡቃያ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ሰማያዊ አበባ ሁሉ ነበር። ዘሩ ለካ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ያንን ሁሉ ዓመት ገደል የከተትነው ዘሩን ጭምር ነው፣ ይሄ ነገር እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ካባ የለንም ትዪ ይሆናል። ግን መጋዘን ታስፋፋላችሁ፣ ፓርኪንግ ትሰራላችሁ፣ አይደል? ያኔ የሚነሳውን የላይኛውን አፈር ኮንትራክተሩ ጭኖ እንዳይሄድ ውሉ ላይ ይግባ። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ ግራር፣ ቁርቁራ፣ ሾላ ካለ ቁጠሪና ቁጥር ቀቢበት። 30 ዓመት የቆመ አንድ ግራር አምና የተከላችሁትን 600 ችግኝ ያህል ወፍና ነፍሳት ዛሬ ይዞልሻል።

ሌላ አንድ ነገር። ፋብሪካው ሲቋቋም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ተሰርቶ መሆን አለበት፣ አዋጅ 299/1995 ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። አውጥተሽ አንብቢው። ድርጅቱ ያኔ «ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የፈረመበት ነገር ይኖራል፣ አረንጓዴ ቦታ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ክትትል። አዲስ ሃሳብ ከመፈለግሽ በፊት የተፈረመውን ማስፈጸም ይቀላል፣ ስራ አስኪያጅም ሰነድ ሲያይ አይከራከርም።

ፍሬ_ችግኝ፦

እህቴ የችግኝ ጣቢያ ሰራተኛ ነኝ፣ ከነላስቲኩ የመቅበሩን ነገር በየዓመቱ ነው የምናየው፣ አንድ ሰው ቆሞ ካላሳየ ሰው አያውቅም።

600 አትትከይ፣ 60 ትከይና 2 ዓመት ሙሉ ውሃ አጠጪ። ድሬ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ ሐምሌ የተተከለ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ገና ስሩን አልሰደደም። ጉድጓዱ ዙሪያ በተዳፋቱ ታችኛ በኩል ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የአፈር ክብ ይሰራ፣ የሚወርደውን ውሃ ይይዝለታል። ዓይነቱ ደግሞ የቆላው ይሁን፣ ግራር፣ ቁርቁራ፣ ሮቃ። ሮቃ ቶሎ አያድግም ግን አንዴ ከያዘ ልጅሽም የልጅ ልጅሽም የፍሬውን ጭማቂ ይጠጣል። ኒም ከተማው ውስጥ ጥላው ጥሩ ነው፣ እኔም ቤቴ አለ፣ ግን ከእስያ የመጣ ዛፍ ነው፣ የኛን ወፍና ነፍሳት እንደ ግራር አይመግብም።

እንደውም እኔ ብሆን ከመትከል በፊት መከለል ነበር የማስቀድመው። የሆነ ቦታ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ፍየልና መጥረቢያ እንዳይገባ መከልከል፣ ለጠባቂ ደሞዝ መክፈል፣ ሳሩን ደግሞ የአካባቢው ሰው እያጨደ እንዲወስድ መፍቀድ። አፈሩ ካልታጠበ ራሱ ይመለሳል፣ አባታችን ስለ ካባው የነገሩሽን እዩልኝ።

ዝም ብሎ ያገኙትን መትከል ምን እንደሚያመጣ ድሬ ሰው ሊነገረው አይገባም ነበር። ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ ራሱ እኮ መጀመሪያ የገባው በችግኝ ጣቢያ በኩል ነው፣ እዚሁ ድሬ ጎሮ። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፣ በረሃ ያቆማል፣ ጥላ ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል ብለው ነው። ዛሬ አፋር ላይ የግጦሽ መሬቱን ምን እንዳደረገው ሄዳችሁ ማየት ነው፣ ፍየልና ግመል ፍሬውን ይበሉና ዘሩን ከነነፍሱ በፋንድያቸው ይበትኑታል።

ደወሌ_መስመር፦

ሀዬ እኔ ሹፌር ነኝ ከጅቡቲ ነው የምጭነው፣ ስለ ፋብሪካ ብዙ አላውቅም ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፋራምሲሳን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ነጭ አበባ ያላት እጅ የምታሳክክ አረም፣ ላም ከበላቻት ወተቱ የሚመር። ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ የታየችው እዚሁ ድሬና ሐረርጌ ነው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ፣ ከእርዳታ እህል ጋር ነው የገባችው ይባላል። አንዷ ከ15,000 በላይ ዘር ትበትናለች። እና ስንዴ ስናራግፍ የመኪናው ጭቃ፣ ሸራው፣ የማዳበሪያው ጥርጊያ ሁሉ እዛው የመጋዘን አጥር ስር ነው የሚደፋው፣ ክረምት ሲመጣ አጥሩን ተከትላ አረንጓዴ ሆና ትሰለፋለች። ወላሂ በየሄድኩበት መጋዘን ያየሁት ነው። ጥርጊያው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ቢቃጠል፣ መኪና ማጠቢያው በሲሚንቶ የተነጠፈ ቢሆን፣ አጥሩ ዙሪያ ደግሞ ሳታብብ በፊት በጓንት ብትነቀል ብዙ ነገር ነው። አበባ ካወጣች በኋላ መንቀል ግን መበተን ነው።

ስራ_ይቅደም፦

በቅንነት ነው የምጠይቀው። እኔም ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሌላ ፋብሪካ። እኛ ጋ የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ የለም፣ ጓንት በ3 ወር አንዴ ነው የሚሰጠው፣ ወፍና ዛፍ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ሰው አይቀድምም ወይ? ለችግኝ የወጣ ቲሸርትና አውቶብስ ለሰራተኛው ቢሆን እላለሁ። ተፈጥሮ ጥበቃ የመንግስት ስራ ነው፣ ፋብሪካ ግብሩን ይክፈል።

ጀጎል_5በር፦

ወንድሜ የልብህን ነው የተናገርከው፣ ግን ሰውና ተፈጥሮ ተለያይተው አይቆሙም፣ እኛ ሐረሮች ይሄን በውሃ ነው የተማርነው።

እኔ ልጅ ሆኜ የሐረር ውሃ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የሚመጣው። ወደ ድሬ ስንሄድ በመኪና መስኮት ወፎቹን እንቆጥር ነበር፣ ሐይቁ መንገዱን ተከትሎ ነው የተዘረጋው፣ ጀልባ ነበር። ከዛ በ1990ዎቹ ዓይናችን እያየ አለቀ። አንድ ነገር አይደለም የገደለው፣ ዙሪያውን ያለው ተራራ ስለተራቆተ አፈሩ እየታጠበ ገባበት፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፣ ለከተማ ተሳበ፣ እያንዳንዱ የራሱን ባልዲ ብቻ ነው የሚያየው። ሐይቁ የነበረበት ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። ከዛ በኋላ የኛን ቤት ሁኔታ ልንገርህ፣ እናቴ ጄሪካኖቹን ከግድግዳው ጋር አሰልፋ፣ ቢጫው ለመጠጥ፣ ሰማያዊው ለምግብ፣ ክዳን የሌለው ለመታጠቢያ፣ የታጠብንበት ደግሞ ለሽንት ቤት። ውሃ ከናንተው ድሬ በኩል ከሀሰሊሶ ተቆፍሮ ዳገቱን ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ ነው የመጣልን። ባለፉት ዓመታት ዙሪያው ላይ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ስራ ከተሰራ በኋላ ሐይቁ ውሃ መልሶ ሲይዝ፣ ወፉም ሲመለስ አየን፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። ስለዚህ ይቻላል።

ከዚራ፣ አንቺ ማድረግ ያለብሽ መጀመሪያ ውሃ ቆጣሪ ማስገጠም ነው፣ ዋናው በር ላይ ያለው አንዱ ብቻ አይበቃም፣ ለየክፍሉ። ማጠቢያው ስንት ይወስዳል፣ ቦይለሩ ስንት፣ ሽንት ቤቱ ስንት። ቱቦ ክፍት ትቶ ሻይ የሚሄድ ሰው አለ፣ የትም ፋብሪካ አለ። ድሬና ሐረር አሁን የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ እናንተ ያተረፋችሁት አንድ ቦቴ ለኛ አንድ ቦቴ ነው።

ሌላ የምጠይቅሽ፣ ለሰራተኛ ምሳ የምታበስሉት በምንድን ነው? በእንጨትና በከሰል ከሆነ ማዳበሪያው ከየት እንደሚመጣ ነጋዴውን ጠይቂው። በኛ በኩል ብዙ ከሰል ከኤረርና ከባቢሌ አቅጣጫ ነው የሚወጣው። ባቢሌ የዝሆን መጠለያው ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ ዝሆኖቹ የኤረርንና የጎበሌን ሸለቆ ተከትለው ነው የሚኖሩት፣ ግራሩ ሲቆረጥ ወደ ሰው ማሳ ይወጣሉ፣ ከዛ ገበሬም ይጎዳል ዝሆንም ይገደላል። የአንድ ፋብሪካ ካፌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገባለት ዝሆን አጠገብ ሳትደርሺ ለዝሆን ሰራሽ ማለት ነው።

ስለ ላስቲኩም ሳልናገር አልተውም። ፌስታል በ2017 ፓርላማ ከልክሏል፣ ጥሩ፣ የብስኩት መጠቅለያ ግን ፌስታል አይደለም፣ ይቀጥላል። ባለፈው አረፋ ያረድናት ፍየል ጨጓራዋ ውስጥ የሰው ጭብጥ የሚያክል የላስቲክ ኳስ ወጣ፣ በውሃ አጥበን ስንፈታው ከረሜላና ብስኩት መጠቅለያ ነው፣ ጽሁፉ እንኳ ይነበባል። ፍየሏ ጣፋጩን አሽትታ ነው የበላችው። ጅቡም ማታ ከጀጎል ውጪ ያንኑ ቆሻሻ ነው የሚያገላብጠው፣ አጥንታችንንና ጥንባችንን እየበላ ከተማ የሚያጸዳልን እንስሳ ነው፣ ላስቲክ ልናበላው አይገባም። መጠቅለያ የሚሰበስቡ ሴቶችን በኪሎ ብትከፍሏቸውስ?

ከዚራ_ጥላ፦

ጀጎል፣ የፍየሏ ነገር ምሳ አላስበላኝም። የኛ መጠቅለያ ቢሆንስ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስራ ይቅደም፣ ያልከው ትክክል ነው፣ ጓንት የማይሰጥ ድርጅት ወፍ እጠብቃለሁ ቢል ማንም አያምነውም። እኔ ጓንቱንም ነው የምፈርመው፣ ሁለቱም የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያሉት። ቲሸርቱ ግን ዘንድሮ ይቀራል፣ ቃል ነው።

ሽቦና_አምፖል፦

የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ በሙያዬ ያየሁትን ልናገር።

አንደኛ ምሰሶ። ፋብሪካው የራሱ ትራንስፎርመር ካለው ወደሱ የሚመጣው 15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያለውን አግዳሚ ብረት እዪው። ትልልቅ ወፎች፣ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ፣ ረጅም ዛፍ በሌለበት ምሰሶ ላይ ነው የሚያርፉት፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ሽቦና ብረት እኩል ይነካሉ፣ ያልቃል። እኔ ራሴ ከአንድ ትራንስፎርመር ስር ነጭ ጥንብ አንሳ አንስቻለሁ፣ የክንፉ ጫፍ ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል፣ ፊቱ ግን ቢጫው እንዳለ ነበር፣ ልክ በህይወት እንዳለ። ይሄ ወፍ በዓለም ላይ ሊጠፋ ከተቃረቡት አንዱ ነው፣ የአውሮፓ ብርድ ሲመጣ ከባልካንና ከቱርክ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ዞሮ እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ እኛ ምሰሶ ላይ። መፍትሄው ውድ አይደለም፣ ምሰሶው ጋ ያለውን ሽቦ ግራና ቀኝ መብራት በማያሳልፍ የኢንሱሌሽን ቱቦ መሸፈን ነው፣ መስመሩ በሚጠፋበት የጥገና ቀን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለናንተም ይጠቅማል ምክንያቱም ወፍ ሲነካው መብራቱም ይቋረጣል፣ ሊጡም ማሽን ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛ አይጥ መድኃኒት። ዱቄት ያለበት አይጥ አለ። አይጧ መርዙን በልታ ቶሎ አትሞትም፣ እየተንገዳገደች ትወጣለች፣ ጉጉት ወይ ድመት ይበላታል፣ መርዙ አብሮ ይሄዳል። ከዛ አይጥ የሚበላ ሲጠፋ አይጡ ይበዛል፣ መርዝ ይጨመራል። በር ስር ያለውን ክፍተት በቆርቆሮ ድፈኑ፣ ወጥመድ አብዙ፣ መርዝ የመጨረሻ ይሁን፣ እሱም በተዘጋ ሳጥን።

የግቢ መብራት ደግሞ ወደ መሬት ይዙር፣ ቢጫ ይሁን። ነጩ ፓውዛ ሌሊት የነፍሳት መአት ጎትቶ ነው የሚጨርሰው፣ ጠዋት የጽዳት ሴቶች በአካፋ ሲያነሱት ታያላችሁ።

ግዢ_ክፍል፦

ከዚራ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ዘይቱ። ብስኩት ውስጥ የሚገባው ዘይት ፓልም ነው አይደል? ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው፣ ቦርኒዮና ሱማትራ ላይ ጫካው ተመንጥሮ ነው ብዙው እርሻ የሆነው፣ ኦራንጉታን የሚባለው ትልቁ ዝንጀሮ መሄጃ ያጣው በዚህ ነው። ከድሬ ሆነን የዛን አገር ጫካ እናስተዳድር አልልም። ግን አርኤስፒኦ የሚባል ምስክር ወረቀት አለ፣ ዘይቱ አዲስ ጫካ ሳይመነጠር የተመረተ መሆኑን የሚከታተል። ግዢ ላይ ስንቀመጥ ለአቅራቢው «ይሄ ወረቀት አለህ ወይ» ብለን መጠየቅ ምንም ብር አያስወጣም። ሶስት ፋብሪካ ከጠየቀው አስመጪው መፈለግ ይጀምራል፣ እኔ በካርቶን አይቼዋለሁ፣ መጀመሪያ የለም አሉን፣ በዓመቱ ራሳቸው ይዘው መጡ። ዋጋው ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ እሱን አልደብቅሽም።

በተረፈ በፈረንጆቹ 2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች የተስማሙበት የብዝሀ ሕይወት ማዕቀፍ ውስጥ ትልልቅ ድርጅቶች በተፈጥሮ ላይ ያላቸውን ጫና እየለኩ ይፋ ያድርጉ የሚል አለበት። ኤክስፖርት ካሰባችሁ ገዢው አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም።

ደቻቱ_ማዶ፦

እኔ ከከተማው በላይ ስላለው ደጋ ልናገር። በ1998 ክረምት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ የኛ ሰፈር ነበር። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ጠዋት አሸዋው ላይ የሰው በር፣ የሰው ፍራሽ፣ የተገለበጠ መኪና፣ ያንን ያየ ሰው ደረቅ ወንዝ ሲያይ ደረቅ ነው ብሎ አያምንም። ውሃው የመጣው ከላይ ነው፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ተራራው ስላልያዘው። ዛፍ፣ ሳር፣ እርከን ቢኖር ውሃው ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርግ ነበር፣ ያ የሰረገው ደግሞ እናንተ ፋብሪካ ጉድጓድ ውስጥ የምትስቡት ነው። ስለዚህ ብሩ ካለ ከተማ ዳር ፎቶ ከሚነሳበት ቦታ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ደንገጎ ተራራ ውጡ። እርከን የሚሰሩ ገበሬዎች አሉ፣ መሳሪያ የላቸውም፣ ዶማና አካፋ፣ የሳር ዘር፣ የቀን አበል። ከአንድ ቀበሌ ጋር ለ5 ዓመት ተዋዋሉ፣ በየዓመቱ ቦታ አትቀያይሩ።

ከዚራ_ጥላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባባ እርስዎንም በተለይ። ያላችሁትን ይዤ ሶስት ቀን ግቢውን ዞርኩት፣ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱን አገኘሁት፣ መዝገብ ቤት ታችኛው ሳጥን ውስጥ ነበር። ግቢው ውስጥ የነበሩ ዛፎች እንደማይነኩ ተጽፏል፣ ፊርማና ማህተም አለው። ታዲያ የሚቀጥለው ወር የካሚዮን ማቆሚያ ሊሰፋ ፕላን ወጥቷል፣ ፕላኑ ውስጥ ከጀርባ በር አጠገብ ያለው ቁርቁራ የለም። ስሩ ሄጄ ቆምኩ። ቅርንጫፉ ላይ የወፍ ጎጆ ቆጠርኩ፣ ከሳር የተሸመነ ወደታች የተንጠለጠለ፣ 23 ደርሼ ተደበላለቀብኝ። ዘበኛው ጋሼ መጥተው «ፍሬው ሲደርስ የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ይወጣሉ፣ እኔም ዝም እላለሁ» አሉኝ። ለስራ አስኪያጁ ሰነዱንና ፎቶውን ይዤ ገባሁ፣ ማቆሚያው 4 ሜትር ወደ ግራ ይዞራል፣ አንድ ካሚዮን ነው የሚቀንሰው። ፈርሟል!

ፍሳሹ ግን ልቤን ሰበረው። የማጠቢያውን ውሃ ቱቦ ተከትዬ ከአጥር ውጪ ወጣሁ። የቅባት መያዣ ገንዳ አለን ብለን ሪፖርት እናደርጋለን፣ ገንዳው አለ፣ ግን ማን እንደሚያጸዳው አይታወቅም፣ ከላይ አራት ጣት የሚሆን የረጋ ቅባት፣ ከስሩ ሊጥ የሚሸት ነጭ ውሃ እያለፈ አሸዋው ውስጥ ይገባል። አሸዋው ደርቆ እንደ ቂጣ ተሰነጣጥቋል፣ ዙሪያው ላይ አንድም ሳር የለም። እዛ አሸዋ ስር ያለው ውሃ ነው ጀጎል የሚጠጣው፣ እኔም የምጠጣው። ከሰኞ ጀምሮ ገንዳው በየሳምንቱ ይጸዳል፣ ስሙ የተጻፈ ሰው አለው፣ ቀኑን የሚፈርምበት ካርድ ገንዳው ክዳን ላይ ተለጥፏል። ቀጥሎ ውሃውን ማስለካት ነው።

ምግቡን በከሰል ነው የምናበስለው፣ በሳምንት 9 ማዳበሪያ። ምጣዱ በጀት ውስጥ ገብቷል። ምሰሶውን ለኤሌክትሪክ ክፍል ነግሬያለሁ፣ የኢንሱሌሽን ቱቦው ከየት እንደሚገዛ ሽቦና አምፖል በውስጥ መስመር ንገረኝ። ዘይቱን ግዢ ክፍላችን «እንጠይቃለን» ብለዋል፣ እከታተላለሁ። የመጠቅለያውን ነገር ገና አላወቅኩትም፣ በኪሎ ስንት ቢከፈል ሰው ይሰበስባል? የሚያውቅ ካለ።

ፍሬ ችግኝ፣ ዘንድሮ 60 ብቻ። 41ዱ ያሉበት ቦታ ላይ ነው የምንተክለው፣ እነሱንም አብረን እናጠጣለን። ሮቃ አላችሁ?

ፍሬ_ችግኝ፦

አለን። ላስቲኩን እኔ ራሴ መጥቼ ነው የማወልቀው፣ ቀኑን ብቻ አሳውቂኝ። ምላጭ ይዛችሁ ኑ፣ በእጅ ከተጎተተ ስሩ ይበጠሳል።

ካባ_27፦

ልጄ እኔም እመጣለሁ። አካፋ አለኝ።